ለኢላማ ተኩስ የትኛውን የ22 ሽጉጥ ልምረጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢላማ ተኩስ ሊጀምር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔም ሁሌ በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «ምን ልትተኩስበት?» ሰውየው ትንሽ ቅር ይለዋል። የሞዴል ስም ጠብቆ ነበራ። ግን መልሱ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ከታች ያሉት ለዓመታት ደጋግሜ የመለስኳቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዶቹ አጭር መልስ ይበቃቸዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ቁጭ ብሎ ማውራት ይፈልጋሉ። 22 የምለው የካሊበሩን፣ ማለትም የጥይቱን ውፍረት ነው፤ 0.22 ኢንች ገደማ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሪምፋየር የሚባለው ጥይት ከሌላው በምን ይለያል?

አንድ የ22 ጥይት አንሱና ታቹን ገልብጣችሁ እዩ። ትልልቆቹ ጥይቶች መሃላቸው ላይ ትንሽ ክብ መለኮሻ አላቸው። 22 ላይ ግን ምንም የለም፤ ልሙጥ ነው። የሚለኩሰው ቅመም የተቀመጠው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ፣ ዙሪያውን ነው። መምቻው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይቀጣጠልና ባሩዱን ያነሳዋል። ሪም ማለት ጠርዝ ነው፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። የተተኮሰ ቀለህ ላይ የመምቻው ጠባሳ ጠርዙ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚህ አሠራር ብዙ ነገር ይመጣል። ጠርዙ በቀላሉ እንዲጨፈለቅ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት። ስስ ስለሆነ ብዙ ግፊት አይችልም፤ ስለዚህ ጥይቱ ለስላሳ፣ ርግጫውም ቀላል ነው። ቀለሁን እንደገና ሞልቶ መተኮስ አይታሰብም። ቅመሙ ዙሪያውን እኩል ካልተዳረሰ ደግሞ ጥይቱ ይከሽፋል።

ዛሬ ሰው «22» ሲል የሚያወራው ስለ 22 ሎንግ ራይፍል ነው። ከ1887 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። ስሙ የጠመንጃ ቢመስልም የሽጉጡም ጥይት ይኸው ነው። የተለመደው እርሳስ 40 ግሬን፣ ማለትም 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። 22 ማግነም የሚባለው ግን ሌላ ነው። ረዘም፣ ወፈር ያለ ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ።

ለምን ከትልቅ ካሊበር አልጀምርም?

አንድ ጓደኛዬ በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ለወራት ተኮሰ። ጥይቶቹ ሁሌ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ይሄዱበታል። ማነጣጠሪያውን አስተካከለ፤ ለውጥ የለም። ጥይት ቀየረ፤ ያው ነው። አንድ ቀን ካዝናውን ተቀበልኩትና ጀርባዬን ሰጥቼው ሞላሁለት። ከእውነተኞቹ ጥይቶች መሃል ሁለት የማይተኮሱ የልምምድ ጥይቶች ቀላቀልኩበት። ሁለቱን ተኮሰ። ሦስተኛው ላይ ምላጩን ሳበ፤ ቀጭ አለ፤ ምንም የለም። አፈሙዙ ግን ድፍት ብሎ ወደ መሬት ወረደ። ገና ያልመጣውን ርግጫ ሊገፋ ነበር። ሁለታችንም አየነው። ማስረዳት እንኳ አላስፈለገኝም።

ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ማስለቀቁ ልፋት ነው። 22 ላይ ግን የሚያስደነግጥ ነገር ስለሌለ እጅ መፍራትን አይማርም። ጓደኛዬ ለሁለት ወር 22 ብቻ ተኮሰ፤ ከዚያ ወደ 9 ሚሊ ሜትሩ ሲመለስ ጥይቶቹ መሃል መግባት ጀመሩ። በዚያ ላይ 22 ከብዙዎቹ ትልልቅ ጥይቶች በዋጋ ይረክሳል። ብዙ መተኮስ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ምን ምን ዓይነት ውድድር አለ? ሽጉጡንስ ይወስነዋል?

አዎ፣ ይወስነዋል። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ የሌላው ሁሉ መነሻ ይህ ነው።

ጥብቅ ደንብ ያለው የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የ25 ሜትር ውድድር ነው። ኦሊምፒክ ላይ የምታዩት ማለት ነው። በአንድ እጅ ይተኮሳል። ማነጣጠሪያው ተራ የብረት ማነጣጠሪያ ነው፤ መስታወት ያለው ነገር አይፈቀድም። የምላጩ ክብደት ከ1,000 ግራም ማነስ የለበትም። ሽጉጡ ከ1,400 ግራም፣ አፈሙዙ ከ153 ሚሊ ሜትር፣ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መሃል ያለው ርቀት ከ220 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። በዚህ ላይ ሽጉጡ 300 በ150 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ዳኞቹ ሳጥኑን ይዘው ይመጣሉ፤ ካልገባ አልገባም። እዚህ ልትወዳደሩ ካሰባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ወቅታዊውን ደንብ አንብቡ። የሚያምር ወፍራም አፈሙዝ ገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ ያልገባለት ሰው አይቻለሁ።

በዚሁ ፌዴሬሽን ሥር ያሉት ውድድሮችም ጠባያቸው ይለያያል። በስታንዳርድ ፒስቶል አምስት አምስት ጥይት በ150፣ በ20 እና በ10 ሰከንድ ይተኮሳል። በፈጣኑ ተኩስ ደግሞ አምስት ጎን ለጎን የቆሙ ኢላማዎች በ8፣ በ6፣ ከዚያ በ4 ሰከንድ ይመታሉ። በአራት ሰከንድ አምስት ኢላማ! ለዚህ ከተኩስ በኋላ ቶሎ ወደ ቦታው የሚመለስ ሽጉጥ ያስፈልጋል።

አሜሪካኖቹ ቡልስ አይ የሚሉት አለ። እሱም በአንድ እጅ ነው፤ በ25 እና በ50 ያርድ ይተኮሳል። ሬድ ዶት፣ ማለትም መስታወት ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳየው ማነጣጠሪያ፣ ስለሚፈቀድ አይናቸው የደከመ ሰዎች ይወዱታል።

ስቲል ቻሌንጅ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አምስት የብረት ሳህኖች፣ አንድ የጊዜ መቁጠሪያ፣ በሁለት እጅ። አምስተኛው ሳህን ሲመታ ሰዓቱ ይቆማል። በ22 የሚወዳደር ሰው ሽጉጡን ከወገቡ አይመዝም፤ ወደ ታች አነጣጥሮ ይዞ ይጀምራል። የብረት ማነጣጠሪያ ላለውና ሬድ ዶት ለገጠመው የየራሳቸው ምድብ አላቸው። ሳህኑ ሲመታ «ጢን» የሚለው ድምፅ ራሱ ሱስ ያስይዛል። ቤተሰብ አብሮ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

አሁን ልዩነቱን እዩት። ለ25 ሜትሩ የሚሆነው ከባድ፣ እጄታው የእጅ ቅርጽ ይዞ የተቀረጸ ሽጉጥ ነው። ለሳህኑ የሚሆነው ቀለል ያለ፣ ከኢላማ ወደ ኢላማ ቶሎ የሚዞር ነው። ሁለቱንም እኩል የሚሠራ የለም። ገና ካልወሰናችሁ መሃል ላይ ያለውን ያዙ፤ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ስለሱ ነው።

ለጀማሪ የምትመክራቸው ሞዴሎች የትኞቹ ናቸው?

ሦስት ስሞች አሉኝ። ሦስቱም የአፈሙዛቸው አቀማመጥ አንድ ነው፤ ከሽጉጡ አካል ጋር ተጣብቆ አይንቀሳቀስም። ለኢላማ የሚፈለገውም ይህ ነው።

የሩገር ማርክ ተከታታይ ከ1949 ጀምሮ የመጣ ነው። ኩባንያው ራሱ የተነሳው በዚህ ሽጉጥ ነው። የድሮዎቹን መፍታት ቀላል ነበር፤ መግጠም ግን ላብ ያስወጣ ነበር። በ2016 የወጣው ማርክ ፎር ይህን ገላገለን። ከኋላ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ የላይኛው አካል እንደ ማጠፊያ ተከፍቶ ይነሳል። በሁለት ዓይነት እጄታ ይመጣል፦ አንዱ ወደ ኋላ ጋደል ያለ፣ ሌላው 22/45 የሚባለው ቀጥ ያለ።

ብራውኒንግ ባክ ማርክ ከ1985 ጀምሮ አለ። ከሳጥኑ እንደወጣ ምላጩ ንጹህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። ሲጸዳ ግን ብሎን መፍታት ይፈልጋል። ትንሽ መፍቻ ከቦርሳችሁ አይጥፋ።

የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቪክትሪ በ2016 የወጣ ነው። አፈሙዙ በአንድ ብሎን ስለሚለቅ በኋላ ሌላ መቀየር ቀላል ነው።

ከፍ ማለት ለሚፈልግ ያው ኩባንያ ከ1957 ጀምሮ የሚሠራው ሞዴል 41 አለ። የምላጩን ዙሪያ ብረት ወደ ታች ስትስቡት አፈሙዙ ያለ መፍቻ ይነሳል። እኔ ይህን ሽጉጥ በጣም ነው የምወደው። ግን መጀመሪያ አይገዛም። ጀማሪ እጅ ላይ ከማርክ ፎር የተለየ ነጥብ አያመጣም።

ኦሊምፒክ ላይ የምታዩዋቸው የጣሊያኑ ፓርዲኒ እና የጀርመኖቹ ዋልተርና ፋይንቨርክባው ሌላ ደረጃ ናቸው። ብዙዎቹ ካዝናቸው እጄታው ውስጥ ሳይሆን ከምላጩ ፊት ለፊት ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አፈሙዙ ይረጋል። ለጥብቁ ውድድር ከገባችሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት አስቡት።

እጄታው እንደተስማማኝ በምን አውቃለሁ?

ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ደህንነቱ ወደተጠበቀ አቅጣጫ ዙሩ። አይናችሁን ጨፍኑ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንሱት፣ ከዚያ ግለጡ። የፊት ማነጣጠሪያው በኋላኛው ስንጥቅ መሃል ቁጭ ብሎ ካገኛችሁት እጄታው ይስማማችኋል። የፊቱ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ከታየ የእጄታው ዘንበል ማለት ከእጅ አንጓችሁ ጋር አልተስማማም። አምስት ጊዜ ደጋግሙት። አንዴ በአጋጣሚ ይገጥማልና።

ቀጥሎ ጣታችሁን እዩ። ምላጩን የሚነካው የሌባ ጣት የመጀመሪያው ሥጋ መሃል ይሁን። የቀረው የጣቱ ክፍል ከሽጉጡ ጎን ጋር መነካካት የለበትም። በጣቱና በእጄታው መሃል ቀጭን ብርሃን መታየት አለበት። ከተነካካ ምላጩን ስትስቡ ሽጉጡን በጎን ትገፉታላችሁ።

ለጥቂት ደቂቃ ይዛችሁ ቁሙበት። ሱቅ ውስጥ ቀላል የመሰለ ነገር ከሠላሳ ጥይት በኋላ ይንቀጠቀጣል።

ግራኝ ነኝ። ችግር አለው?

ብዙም የለውም፤ ግን የምትመርጡት ነገር ይቀንሳል። የእጅ ቅርጽ ያለው እጄታ ለግራ እጅ የተሠራ መሆን አለበት፤ የቀኙ ፈጽሞ አይሆንም። የደህንነት መቆለፊያውንም እዩ። ማርክ ፎር ላይ በሁለቱም በኩል አለ። ቀለሁ ወደ ቀኝ ስለሚወረወር ፊታችሁን አቋርጦ የሚያልፍ ይመስላችኋል። መነጽር ካደረጋችሁ ትለምዱታላችሁ።

ስለ ግራ እጅ ከተነሳ ሃንጋሪያዊውን ካሮይ ታካችን ሳላነሳ አላልፍም። ወታደር ነበር፤ ጎበዝ ተኳሽም ነበር። በ1938 ልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ ቀኝ እጁን ጎዳው። የሚተኩስበት እጅ ማለት ነው። ዝም ብሎ በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ። በ1948 ለንደን ላይ በፈጣን ተኩስ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። እጅ ይሠለጥናል።

ምላጩ ምን ያህል ቀላል ይሁን?

ቀላል ከመሆኑ ይልቅ ንጹህ መሆኑ ይበልጣል። ንጹህ የምለው ስትስቡት የማይንፏቀቅ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከዚያ እንደ ቀጭን ብርጭቆ «ቀጭ» ብሎ የሚለቅ ነው። 1,300 ግራም ሆኖ ንጹህ የሆነ ምላጭ፣ 900 ግራም ሆኖ አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ከሚንፏቀቅ ይሻላል።

ደንብ ባለበት ውድድር ክብደቱ ይለካል። ሽጉጡ አፈሙዙ ወደ ላይ ተደርጎ አንድ ኪሎ ግራም ክብደት ምላጩ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ክብደቱን ተሸክሞ ከተነሳ አለፈ። መሃል ላይ «ቀጭ» ካለ ወደቀ። ስለዚህ ልክ 1,000 ላይ አታስተካክሉት፤ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ምላጭ የሚያስተካክል ባለሙያ ካልሆናችሁ ውስጡን በሞረድ አትንኩ። ምላጩ እስኪሳብ ተኩሱን ይዞ የሚያቆየው ጥርስ አንዴ ከተበላ ሽጉጡ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል።

ረጅም አፈሙዝ የበለጠ ይመታል?

አይደለም። 22 በአጭር አፈሙዝም ልክ ነው። የረጅሙ ጥቅም ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መራራቃቸው ነው። ቁጥሩን አስቡት። ማነጣጠሪያዎቹ 220 ሚሊ ሜትር ከተራራቁና የፊቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ከመሃል ከወጣ፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። ርቀታቸው 150 ሚሊ ሜትር ከሆነ ያው አንድ ሚሊ ሜትር ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ያደርሳችኋል። እጃችሁ ተንቀጥቅጦ ሽጉጡ እንዳለ ቀጥ ብሎ አምስት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ግን የምትስቱት አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አሠልጣኞች «ኢላማውን ተወው፣ የፊት ማነጣጠሪያውን እይ» እያሉ የሚጮሁት ለዚህ ነው። ኢላማው ይደብዝዝ፤ የፊቷ ብረት ጠርዟ ጥርት ትበል።

ለመጀመሪያ 140 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው አፈሙዝ በቂ ነው።

የብረት ማነጣጠሪያ ወይስ ሬድ ዶት?

በጥብቁ የ25 ሜትር ውድድር ልትተኩሱ ከሆነ ምርጫ የላችሁም፤ ብረት ነው። የኋላው ወደ ጎንና ወደ ላይ በብሎን የሚስተካከል ይሁን። ለሌላው ሁሉ ሬድ ዶት ጥሩ ነው፤ በተለይ ቅርብ ማየት ለሚያስቸግረው ሰው። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ቀይዋ ነጥብ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ሁሉ ታሳያችኋለች። ጀማሪ ይደነግጥና ነጥቧ መሃል ስታልፍ ጠብቆ ምላጩን ይመነጭቀዋል። ትወዛወዝ። እናንተ ቀስ ብላችሁ ሳቡ።

አሁን ብረት ብትገዙም በኋላ ሬድ ዶት የሚገጠምበት ቀዳዳ ወይም ሐዲድ ያለው ሽጉጥ ምረጡ።

ሪቮልቨር ቢሆንስ?

ጥይቱ የሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባው ሽጉጥ ማለት ነው። ለመዝናናት ደስ ይላል፤ ጥይትም አይመርጥም፤ ለግራኝም ይመቻል። ለሰዓት ተኩስ ግን ይዘገያል። የጀማሪ ምርጫዬ አይደለም።

የተለመደውን የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የሚመስሉት የ22 ሽጉጦችስ?

እንደ ግሎክ 44 ወይም ታውረስ ቲኤክስ 22 ያሉት ማለት ነው። ትልቁን ሽጉጥ ያላችሁና በርካሽ ጥይት መለማመድ የምትፈልጉ ከሆነ አሪፍ ናቸው። ለሳህን ተኩስም ይሆናሉ። ነጥብ ለሚቆጠርበት ወረቀት ግን ከላይ የጠራኋቸው ሦስቱ ይበልጣሉ። ምላጫቸውም ይሻላል፤ ክብደታቸውም ሽጉጡን ያረጋዋል።

የትኛውን ጥይት ልግዛ?

ሽጉጡን ጠይቁት። ቀልድ አይደለም። ሁለት አንድ ዓይነት ሽጉጦች፣ በአንድ ቀን የተሠሩ እንኳ፣ የተለያየ ጥይት ሊወዱ ይችላሉ።

መነሻችሁ ባለ 40 ግሬን፣ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ የሚባለው ይሁን። ከጠመንጃ ሲተኮስ በሰከንድ 320 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከድምፅ ፍጥነት በታች ማለት ነው። ከሽጉጥ ሲወጣ ከዚያም ይቀንሳል። ለስላሳ ነው፤ ፍጥነቱም ከጥይት ጥይት ብዙ አይለያይም። ሃይ ቬሎሲቲ የሚባለው ከዚህ ይፈጥናል፤ ይራገጣልም፤ ወረቀት ላይ ጥቅም የለውም። ስላይዳቸው፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል፣ በደንብ የማይሠራ አንዳንድ ቀላል ሽጉጦች ግን እሱን ካላገኙ ቀለሁን አውጥተው መጣል ያቅታቸዋል። የሽጉጣችሁን መመሪያ አንብቡ።

አሁን ፈተናው። አራት ወይም አምስት ዓይነት ጥይት አንድ አንድ ጥቅል ግዙ። ሲሲአይ፣ ኤሌይ፣ ኤስኬ፣ ፌዴራል፣ ያገኛችሁትን። እጃችሁን አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ አስደግፉ። 25 ሜትር ላይ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ጥይት ተኩሱ። ግን አዲስ ዓይነት ስትጀምሩ የመጀመሪያዎቹን አሥር ወይም አሥራ አምስት ጥይቶች አትቁጠሩ። የ22 እርሳስ ላዩ ሰም ወይም ቅባት አለው። የድሮው ቅባት ከአፈሙዙ ወጥቶ የአዲሱ እስኪቀመጥ ጥይቶቹ ይበተናሉ።

የ25 ሜትር የዝግታ ኢላማ አሥር ቁጥሯ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት። አሥሩም ጥይት ከዚያ ውስጥ ከገባ ጥይቱ በቂ ነው። ከመተኮሳችሁ በላይ ጥይቱን በመምረጥ ወር አትጨርሱ።

ስለዚያች ቅባት ሌላም ነገር። ጥይቱን መሬት ላይ ወይም ኪስ ውስጥ አትበትኑ። ቅባቷ አሸዋና ብናኝ ታነሳለች፤ ያንን ደግሞ አፈሙዝ ውስጥ ታስገባላችሁ። ካዝና ስትሞሉም የእያንዳንዱ ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ፊት መቀመጡን እዩ። ከኋላ ከተቀመጠ ሁለቱ ይቆላለፉና ሽጉጡ አይጎርስም።

ጥይት ሲከሽፍ ምን ላድርግ?

አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳነጣጠራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። አልፎ አልፎ ዘግይቶ የሚተኮስ አለ። ከዚያ አውጡትና ጠርዙን እዩ። የመምቻው ጠባሳ ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ ቅመም አልደረሳትም። ጠባሳው ቀጭንና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ሽጉጡ ቆሽሿል ወይም መምቻው ደክሟል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ድምፁ «ፑፍ» ብሎ ደከም ካለ ወዲያው አቁሙ። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ካዝናውን አውጡ፣ ክፈቱ፣ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን በዘንግ አረጋግጡ። ሳታረጋግጡ ሁለተኛ አትተኩሱ።

ቤት ውስጥ በባዶው ሽጉጥ ምላጭ መሳብ ልለማመድ?

ልምምዱ ወርቅ ነው። ነጥቤን እንደሱ ከፍ ያደረገልኝ ነገር የለም። ግን 22 ላይ ጥንቃቄ አለው። ጥይት በሌለበት መምቻው የጥይት ቤቱን፣ ማለትም ጥይቱ ሲጎርስ የሚቀመጥበትን የአፈሙዝ የኋላ ክፍል፣ ጠርዝ ሊመታና ሊያበላሸው ይችላል። አንዳንድ ሽጉጦች ይህን የሚከለክል ነገር ተሠርቶላቸዋል፤ መመሪያው ይነግራችኋል። ከተጠራጠራችሁ የልምምድ ጥይት ተጠቀሙ። ብዙ ተኳሾች ቢጫዋን ትንሽ የፕላስቲክ ፊሸር፣ ግድግዳ ላይ ብሎን የምንተክልባትን፣ ጥይት ቤቱ ውስጥ ያስገባሉ። ትደበደብና ትጣላለች።

ጥይት ሌላ ክፍል ይቀመጥ። እዚያው ክፍል ውስጥ አንድም ፍሬ አይኑር። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ፣ የፊት ማነጣጠሪያዋ ሳትንቀሳቀስ «ቀጭ» እንድትል።

በየስንት ጊዜው ላጽዳው?

ጥይት ቤቱንና የቀለህ ማውጫዋን ጥፍር በየተኩሱ ቀን ጥረጉ። ጥቀርሻ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። አፈሙዙን ግን አታብዙበት። ዘንግ ከፊት በኩል እየገባ የአፈሙዙን ጫፍ ከፋቀ ጥይቶቹ መበተን ይጀምራሉ። ከኋላ በኩል መግባት የሚችል ከሆነ ከኋላ፤ ካልሆነ በገመድ የሚጎተተውን ማጽጃ ተጠቀሙ። ዘይት ጠብታ ይበቃል። ብዙ ዘይት ከጥቀርሻው ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ይሆናል።

22 ትንሽ ስለሆነ የጆሮ መከላከያ ግድ ነው?

ግድ ነው። ከሽጉጥ ሲተኮስ ድምፁ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ ጆሮ ይጎዳል። መነጽርም እንዲሁ። ትንሽነቱ አያታላችሁ። ጥይቱ ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ከኢላማው ኋላ ምን እንዳለ ሳታውቁ አትተኩሱ። ጣት ከምላጭ ውጭ ይሁን፤ አፈሙዝ ወደ ሰው አይዙር፤ ሽጉጥ ሁሉ እንደጎረሰ ይቆጠር።

ሰው የሚረሳው እርሳሱን ነው። እርሳስ በጥይቱ ብቻ ሳይሆን በብዙዎቹ መለኮሻ ቅመምም ውስጥ አለ፤ እጅና ልብስ ላይ ይቀራል። ስትጨርሱ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። ከዚያ በፊት አትብሉ። ሕፃን ያላችሁ ልብስ ሳትቀይሩ አትቀፉ።

ፈቃድና አቀማመጥን በተመለከተ የሀገራችሁን ሕግ ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ። አባል የምትሆኑበት ክለብ ካለ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። ብዙ ክለቦች የሚያከራዩት ወይም የሚያውሱት የ22 ሽጉጥ አላቸው። ሦስት አራቱን ሳትሞክሩ አትግዙ።

ያገለገለ ልግዛ?

ደስ ይበላችሁ፣ ግዙ። 22 ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ በእንክብካቤ የተያዘ ሽጉጥ ትውልድ ይሻገራል። ግን ካዝና ይኑረው፤ ከሁለት በታች ከሆነ ተጨማሪ እንደሚገኝ አስቀድማችሁ አጣሩ። የድሮ ሽጉጥ ካዝና ፍለጋ ያንከራትታል። የጥይት ቤቱን አፍ በባትሪ እዩ፤ ጠርዙ ላይ መምቻው የመታው ጉድጓድ ካለ ባለቤቱ በባዶው ሲስብ ነበር። ከዚያ ሽጉጡን ፈታችሁ፣ ባዶ መሆኑን አይታችሁ፣ ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን ተመልከቱ። ውስጡ የተቀረጹት ጠመዝማዛ መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ እረፍት መሄድ አለባቸው። መሃል ላይ ጥቁር ቀለበት የመሰለ ጥላ ካያችሁ አንድ ቀን እርሳስ ውስጡ ቀርቶ ሌላ ተተኩሶበታል፤ ብረቱ አብጧል። ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስላችሁ አመስግናችሁ መልሱለት።